ሬሳው የት ገባ? የአዲስ አበባ የወንጀል ድራማ ከጉለሌ ሲታይ

የወንጀል ፊልም ሊሠራ የተነሣ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ቦታ ምረጥ ቢባል ብዙ መዞር የለበትም፤ ወደ ጉለሌ ይውጣ። ከጎጃም የተነሣ መኪና የሱሉልታን ሜዳ ጨርሶ፣ የእንጦጦን ትከሻ ታክኮ ቁልቁል ሲወርድ የሚቀበለው አዲሱ ገበያ ነው። ለከተማው እንግዳ የሆነ መንገደኛ፣ እሱን ሊቀበል የወጣ ደላላና ሁለቱንም የሚያይ ኪስ አውላቂ በአንድ ጥግ ይገናኛሉ። ከዚያ ወዲያ ሰሜን ማዘጋጃ፣ ፓስተር፣ ጳውሎስ ሆስፒታል፤ በምሥራቅ በኩል ሽሮ ሜዳና የሸማኔዎቹ ጠባብ ቤቶች፤ ከሁሉም በላይ የባሕር ዛፉ ጫካ። ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ ቆርቆሮው ላይ ሲተኛ ከፊት ያለው ሰው ድምፁ ይሰማል እንጂ መልኩ አይለይም። ሲመሽ ጅቡም ወደ ሰፈሩ ጠጋ ይላል፤ ለምስክርነት የማይጠራ ብቸኛው ነዋሪ እሱ ነው።

ይህ ሁሉ ተሰናድቶ እያለ ጉለሌን ጉለሌ አድርጎ ያሳየ የወንጀል ድራማ ጥራ ብባል አፌ ይያዛል። ነገሩ የአንድ ክፍለ ከተማ ብቻ አይደለም። የዓለም ትልልቅ ከተሞች ላለፉት ሰማንያ ዓመታት የየራሳቸውን ጥቁር ፊልም ሲሠሩ የእኛዋ ከተማ የት ነበረች?

ለዚህ ዘውግ ስም ያወጡለት ፈረንሳዮች ናቸው። ሐያሲው ኒኖ ፍራንክ እ.ኤ.አ. በ1946፣ ጦርነቱ አልቆ ፓሪስ የደረሱትን የሆሊውድ የወንጀል ፊልሞች አይቶ «ጥቁር ፊልም» አላቸው። ከእነዚያ ሁሉ የከተማ ፊልም አብነት የሚሆነኝ የጁልስ ዳሲን «ዘ ኔከድ ሲቲ» ነው፤ የወጣው በ1948 ነው። አንዲት ሞዴል መታጠቢያ ገንዳዋ ውስጥ ተገድላ ትገኛለች። ማልዱን የተባለ ሸምገል ያለ አይሪሻዊ መርማሪና ወጣት ረዳቱ ገዳዩን ይፈልጋሉ። ታሪኩ ይኸው ነው፤ እንዲያውም ደረቅ ነው ማለት ይቻላል። ፊልሙን ፊልም ያደረገው አፈላለጉ ነው። ወጣቱ መርማሪ አንድ ፎቶግራፍ ይዞ፣ «ይህን ሰው ታውቁታላችሁ?» እያለ ሱቅ ለሱቅ ይዞራል። አንዱ ትከሻውን ይነቀንቃል፣ ሌላው ሥራ አለብኝ ይላል፣ ሕፃናት ይከተሉታል። ዳሲን ስቱዲዮ ውስጥ አልተቀመጠም፤ ኒው ዮርክ ጎዳና ላይ፣ አንዳንዴም ካሜራውን በቆመ መኪና ውስጥ ደብቆ፣ ሰዉ ሳያውቀው ቀርጿል። ገዳዩ በመጨረሻ ዊሊያምስበርግ ድልድይ ብረት ላይ ሲንጠላጠል ከተማዋ ከበታቹ የራሷን ሥራ ትሠራለች። ፊልሙ በካሜራውና በአርትዖቱ ኦስካር ተሸለመ። ዳሲን ግን ብዙም ሳይቆይ ኮሚኒስት ነህ ተብሎ ከሆሊውድ ተባረረ፤ ሌላውን ትልቅ የወንጀል ፊልሙን፣ «ሪፊፊ»ን፣ በ1955 የሠራው ፈረንሳይ ተሰዶ ነው።

ሌሎቹ ከተሞችም አልዘገዩም። በ1949 አኪራ ኩሮሳዋ አውቶቡስ ውስጥ ሽጉጡን የተሰረቀ ፖሊስ በሙቀት በተቃጠለች ቶኪዮ አንከራተተ። በ1958 ዩሱፍ ሻሂን የካይሮን ባቡር ጣቢያ ከነሻጩ፣ ከነተሸካሚው፣ ከነእብዱ የወንጀል መድረክ አደረገው። ኪንሻሳ በ2010 «ቪቫ ሪቫ»ን፣ ናይሮቢ በ2012 «ናይሮቢ ሃፍ ላይፍ»ን አወጡ። ስለዚህ ድህነትና የካሜራ እጥረት ሰበብ አይሆኑንም፤ ኪንሻሳ ከእኛ የተሻለ መብራት አልነበራትም።

ዘውጉ የቆመው በአንድ እምነት ላይ ነው። አንድ ሰው ጫማው እስኪያልቅ ቢዞር፣ በር ቢያንኳኳ፣ መዝገብ ቢያገላብጥ እውነቱ ይወጣል። እውነቱ መራራ ይሁን፣ ፍትሕም አይምጣ፣ ብቻ «ማን ገደለ?» ለሚለው መልስ ይገኛል። የእኛ ልምድ ከዚህ ጋር ሁለት ቦታ ላይ ይጋጫል። አንደኛው ከድሮው አገር የመጣ ነው፣ ሁለተኛው ከቅርቡ ታሪካችን።

ከድሮው ልጀምር። አውጫጭኝ፣ በሌላ ስሙ አፈርሳታ፣ መርማሪ የሌለው ምርመራ ነበር። ከብት ሲሰረቅ፣ ቤት ሲቃጠል ወይም ሰው ሞቶ ገዳዩ ሲጠፋ የአካባቢው ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። የመጣውም ወንጀለኛው እስኪወጣ ወደ ቤቱ አይመለስም፤ እርሻው ይጠብቀው፣ ከብቱ ይራብ። እያንዳንዱ ምሎ ይናገራል። በአደባባይ መጠቆም የፈራ ደግሞ ለተመረጡት ሽማግሌዎች በሹክሹክታ ይነግራል፤ ጠቋሚው «ወፍ» ይባላል፣ ስሙም አይነሣም። ወንጀለኛው ካልተገኘ ጉዳቱን አገሩ በጋራ ይከፍላል። ሌባ ሻይ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። አንድ ልጅ የሚያሰክር ነገር ይጠጣል፣ ወገቡ በገመድ ይያዛል፣ እየተንገዳገደ መንደሩን ያቋርጣል፣ ከደጃፉ የወደቀበት ሰው ሌባ ይባላል። ዘመናዊ ፖሊስና ፍርድ ቤት ሲመጣ ሌባ ሻይ ተከልክሎ ቀረ። ዛሬ ስናስበው ሁለቱም ያስደነግጣሉ፤ ለድራማ ግን ከየትኛውም የጣት አሻራ ይበልጣሉ። ወንጀለኛው ከመካከላችን ነው፣ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ማንም ስሙን መጥራት አይፈልግም። ቦታ የሚቀይርለት ደራሲ ቢያገኝ፣ ሜዳው የቀበሌ ቤቶች የተያያዙበት የጉለሌ ግቢ ይሆናል፣ ተሰብሳቢዎቹም ዕድርተኞቹ። ግድግዳው አንድ ነው፤ ጎረቤት ሁሉን ይሰማል፤ ፖሊስ ሲመጣ ግን ያን ሌሊት ሁሉም ተኝቶ ነበር።

ይህን ቅርስ ወደ ካሜራ ያመጡት ጥቂት ናቸው። በ1966 ዓ.ም. ሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ»ን የደም ዕዳ ላይ ሠራው፤ ዛሬ ትልቁ የፊልም ሽልማታችን ስሙን የወረሰው ከዚያ ነው። በቅርቡ ደግሞ ሞገስ ታፈሰ «ቁራኛዬ» በተባለው ፊልሙ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ታስረው ወደ ችሎት የሚሄዱበትን ሥርዓት አሳየን። ሁለት ጠላቶች አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ፣ አንዱ ሳይወድ ሌላው ዘወር ማለት አይችልም። ይህ አገር በቀል የወንጀል ድራማ ካልሆነ ሌላ ምን ይሆናል? ችግሩ ሁለቱም ፊልሞች ከከተማ ውጭ ያለውን ዓለም ይዘው መቅረታቸው ነው፤ ሰንሰለቱን ወደ ሚኒባስ ያስገባ አልተገኘም።

ከተማዋን የያዘው ከእነዚህ በፊት የመጣው ፊልም ነው። «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» በ1957 ዓ.ም. የወጣ፣ በ35 ሚሊሜትር የተቀረጸ ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ የመጀመሪያው ባለሙሉ ርዝመት የኢትዮጵያ ልብ ወለድ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ግሪካዊው ላምብሮስ ጆካሪስ፣ ፕሮዲዩሰሩ ኢላላ ኢብሳ ነበሩ። አዲስ አበባ ገብታ ቡና ቤት የወደቀች ሴት ታሪክ ነው። መርማሪ የለውም፤ ሆኖም ጥላው፣ ሌሊቱ፣ ሙዚቃው፣ የማይጨበጠው ወንድ ሁሉም አሉ። ርዕሱ ራሱ የምርመራ ጥያቄ ነው፤ ወንጀሉን ፖሊስ አይመዘግበውም እንጂ። ከዚህ ጀምሮ ቀጥ ያለ መንገድ ነበረን። አልሄድንበትም።

መንገዱን ይዘው የቀጠሉት ደራሲዎቹ ናቸው፣ እነሱም በጎን በኩል። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በ«ሌቱም አይነጋልኝ» የውቤ በረሃን ሌሊት ከነሴቶቹ ሲጽፍ ማንንም አልከሰሰም፣ ማንንም አላዳነም፤ ጥቁር ፊልም የሚፈልገው ዓይን ይህ ነበር። በደርግ ዘመን ማሞ ውድነህ የስለላ ታሪኮችን በብዛት እየተረጎመ ለአንባቢ አደረሰ፤ ይልማ ሀብተየስ ደግሞ የወንጀል ምርመራን የልብ ወለድ ሥራው አደረገው። የዚያ ዘመን አንባቢ እነዚህን መጻሕፍት ሽፋናቸው እስኪገነጠል ተዋሰ። ሐያስያን «ጊዜ ማሳለፊያ» ብለው አለፏቸው፤ እኔ እንደሚመስለኝ በደሏቸው። ሰላይና ገዳይ በሌላ አገር ስም ሲነገር አንባቢው ስለራሱ ከተማ እያሰበ ያነብ ነበር።

ሁለተኛው ግጭት የሚጀምረው እዚህ ነው። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አወጣ። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም ለቀይ ኮከብ ዘመቻ አሥመራ ይሄዳል፤ እጮኛው ሮማን አዲስ አበባ ቀርታለች፤ እሱ ግን ከፊያሜታ ጊላይ ፍቅር ይይዘዋል። ፊያሜታ የምታፈቅር ናት ወይስ የምትሰልል? ከተማዋ ውብ ናት፣ ቡና ቤቶቿ ይጣፍጣሉ፣ ሁሉም ሰው ሁለት ፊት አለው። ከዚህ በላይ ጥቁር ፊልም የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ አላውቅም። መጽሐፉ ወዲያው ታገደ፣ በድብቅ ከዋጋው በላይ ተሸጠ። የካቲት 1976 ዓ.ም. ደራሲው አንድ ምሽት ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መኪናው ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ቆማ ተገኘች። እሱ አልተገኘም። ሬሳ የለም፣ መቃብር የለም፣ የተፈረደበት የለም። «ኦሮማይ» እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ ታትሞ የውጭ አንባቢ እንደ አዲስ ሲደነቅበት፣ የደራሲው መዝገብ ግን አሁንም ክፍት ነው።

የኒው ዮርኩ ማልዱን እዚህ ቢመጣ ምን ይሠራል? ሬሳ አለው፣ ገዳይ ይፈልጋል፤ ሥራው ይኸው ነው። አዲስ አበባ ግን በአንድ ትውልድ ዕድሜ የተገላቢጦሹን ለመደች። ገዳዩ ይታወቃል፣ ሬሳው የት እንደገባ አይታወቅም። ንጉሠ ነገሥቱ በነሐሴ 1967 ዓ.ም. ሞቱ ተባለ፤ አጽማቸው ቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ የተገኘው በ1984 ነው፤ ሥላሴ ካቴድራል ያረፉት በ1993። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ተገደሉ፤ አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በራስ አሥራተ ካሣ ግቢ ነው። በቀይ ሽብር ልጁን ያጣ ወላጅ «ማን?» ብሎ አልጠየቀም። «የት?» ነበር ያለው፤ እሱንም በዝግታ። ስለዚህ በእኛ ልቡና መርማሪው እውነት ፈላጊ ሆኖ አልተቀረጸም። ሌሊት በር ያንኳኳ ነበር፤ እናት ደግሞ በሩን ከመክፈቷ በፊት የልጇን መጻሕፍት ምድጃ ውስጥ ትከት ነበር። በዚህ ላይ ተመልካች ተደግፎ የሚከተለው ኮት ለባሽ መርማሪ መትከል ከባድ ነው። የእኛ ጥቁር ፊልም ያልተወለደበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የገንዘብና የካሜራ ነገር ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ይህን ሐሳብ በተግባር ያየሁት አንድ መጽሐፍ ላይ ነው። የአሜሪካው አካሺክ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2004 በብሩክሊን የጀመረው የከተሞች ተከታታይ በ2020 አዲስ አበባ ደረሰ። በመዓዛ መንግሥቴ አርታዒነት የወጣው «አዲስ አበባ ኑዋር» ዐሥራ አራት ታሪኮችን በየሰፈሩ ይዟል፤ ከጸሐፊዎቹ አዳም ረታ፣ በዕውቀቱ ሥዩም፣ ሌሊሳ ግርማ፣ ሱለይማን አዶኒያ፣ መሮን ሀደሮ ይገኙበታል። የመዓዛ የራሷ ታሪክ፣ በቀይ ሽብር ሟቾች አጽም ፍለጋ ዙሪያ የተጻፈው፣ በ2021 የኤድጋር ሽልማትን በአጭር ልብ ወለድ አሸነፈ። ኤድጋር የሚሰጠው በኤድጋር አለን ፖ ስም፣ ለምስጢርና ለወንጀል ድርሰት ነው፤ በዘርፉ ከታላላቆቹ አንዱ ነው። ታሪኩ የሚያወሳው ፍለጋ በእውንም ተደርጓል፤ በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ የጅምላ መቃብር ሲያስቆፍር የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ባለሙያዎች መጥተው ረድተውት ነበር። መርማሪው እንግዲህ ሽጉጥ የያዘ ፖሊስ ሳይሆን ብሩሽ ይዞ አፈር የሚጠርግ ሰው ሆነ ማለት ነው። ስለ መጽሐፉ አንድ ቅሬታ አለኝ። ከታሪኮቹ አንዳንዶቹ ኀዘን እንጂ ወንጀል የላቸውም፤ ሰፈሩም በስም እንጂ በኮረኮንቹ አይታወቅም። ደግሞም የተጻፈው የውጭውን አንባቢ አስቀድሞ ነው፤ ጀበና ምን እንደሆነ እያስረዳ ጥርጣሬ መፍጠር አይቻልም።

በነገራችን ላይ፣ በዓለም ሲኒማ ዝነኛው «ኢትዮጵያዊ መርማሪ» አሜሪካ የሚኖር ጎረቤት ነው። ጂም ጃርሙሽ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው «ብሮክን ፍላወርስ» ጄፍሪ ራይት የተጫወተው ዊንስተን የወንጀል ልብ ወለድ የሚወድ፣ ባለብዙ ልጆች ትውልደ ኢትዮጵያዊ ነው። ቢል መሪ ለተጫወተው ጓደኛው የጉዞ ካርታ ያወጣለታል፣ ምልክት እንዲፈልግ ይመክረዋል፣ መንገድ ላይ የሚሰማውን የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ይሰጠዋል። ያ ሙዚቃ ፊልሙን በሙሉ ተሸክሞታል። የእኛ ከተማ በ1960ዎቹ ለጥቁር ፊልም የሚሆነውን ሙዚቃ ሠርታ ጨርሳ ነበር ማለት ነው፤ ምስሉን ጃርሙሽ ሞላበት።

ዲጂታል ካሜራ ከመጣ ወዲህ ያለው በአጭሩ ይነገራል። ፊልም በገፍ ተሠራ፤ አብዛኛው የፍቅር ኮሜዲ ነው። ወንጀል ሲገባም ሳሎን ውስጥ ይገባል። ውርስ፣ የተቀያየረ ልጅ፣ መርዝ፣ አፈና፤ ፖሊሱ መጨረሻ ላይ ካቴና ይዞ ይደርሳል፣ ጥፋተኛው አልቅሶ ይናዘዛል። መብራቱ ሁሉን ክፍል እኩል ያበራል፤ ጥላ የሌለው ወንጀል! ቴሌቪዥኑ ግን አንድ ትልቅ ነገር ሰጥቶናል። «ሰው ለሰው» በተባለው ተከታታይ ድራማ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ዝም ብሎ ሲገባ ሳሎኑ ይበርድ ነበር። ሰዉ ጠላው፣ ግን እሱን ለማየት ነበር የሚቀመጠው። ተመልካቹ ለጥቁር ገጸ ባሕርይ ዝግጁ እንዳልሆነ የሚያወራ ፕሮዲዩሰር ይህን ይመልስ። ሬዲዮውም ቢሆን፣ እሸቴ አሰፋ በሸገር «መቆያ» የሰላዩን የወንበዴውን ታሪክ ሲተርክ የታክሲ ሾፌሩ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ከኋላ የተቀመጠው ወራጅም ለአንድ ደቂቃ ዝም ይላል።

ለምፈልገው ጥቁር ፊልም ከሁሉም የቀረበው የሄርሞን ኃይላይ ፊልም ነው፤ በውጭ «ፕራይስ ኦፍ ላቭ» ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2015 ፌስፓኮ ላይ የታየው። ወጣቱ የታክሲ ሾፌር አንዲትን ሴተኛ አዳሪ ከቀድሞ ወዳጇ ሊያስጥል ገብቶ ታክሲውን ይሰረቃል። ታክሲው ሲጠፋ የጠፋው ንብረት ብቻ አይደለም፤ እንጀራው፣ ክብሩ፣ ከሱስ ተላቆ የቆመበት እግር ነው። ከኩሮሳዋ ሽጉጥ ጋር ዝምድናው ግልጽ ነው፤ ግን የእኛ ነው። ሄርሞን መርማሪ ፖሊስ አላስፈለጋትም። ተሰራቂው ራሱ ፈላጊ ሆነ፣ ከተማዋም በመስኮቱ በኩል ተገለጠች።

ይህን ወደ ጉለሌ እንውሰደው። በውጭ ፊልም አስከሬን የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ውሻውን ይዞ የሚሮጥ ሰው ነው። እንጦጦ ላይ ቀድማ የምታገኘው እንጨት ለቃሚዋ ናት። ጎህ ሳይቀድ ወጥታ፣ ቅጠሉንና ጭራሮውን አስራ፣ ከራሷ ክብደት የማያንስ ሸክም በጀርባዋ አዝላ፣ ጎንበስ ብላ ቁልቁል ትወርዳለች። ጎንበስ ብላ ስለምትሄድ መሬቱን ከማንም በላይ ታያለች። እንበል፣ ቅጠሉ ስር ጫማ አየች፤ ከጫማው በላይም እግር። አሁን ምን ታድርግ? ለፖሊስ ከነገረች የመጀመሪያው ጥያቄ «አንቺ በዚያ ሰዓት ጥብቅ ደን ውስጥ ምን ትሠሪ ነበር?» ነው። ዝም ካለች ደግሞ ነገም በዚያው መንገድ ማለፍ አለባት። ለጥበቃው ብትነግረው፣ ትናንት እንጨቷን የቀማት እሱ ነው። አስከሬኑ በመጨረሻ ተነሥቶ ለምርመራ ወደ ጳውሎስ ወይም ወደ ምኒልክ ሆስፒታል ይላካል፤ ዜናው በሁለት መስመር ያልቃል። የእሷ ታሪክ ግን ያኔ ነው የሚጀምረው። ማልዱን አያስፈልጋትም። የሚያስፈልጋት ማን እንዳየች ሳይጠይቅ የሚሰማት ሰው ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ አለን፤ ድራማዎቻችን አላዩትም እንጂ። ከፍርድ ቤቱ በር አጠገብ ጃንጥላ ዘርግቶ፣ ጠረጴዛ አቁሞ የሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ። ድሮ ታይፕራይተር ነበረው፣ አሁን ላፕቶፕና ማተሚያ አለው። ጠበቃ መክፈል ያልቻለው ሁሉ ለእሱ ይናገራል፣ ለዳኛው የማይነገረውን ጭምር፤ የትኛው ወረቀት ላይ እንደሚገባና የትኛው እንደሚቀር የሚወስነው እሱ ነው። የሚከፈለው በገጽ ነው። ከሳሹንም ተከሳሹንም በአንድ ሳምንት ውስጥ ሊጽፍላቸው ይችላል፤ ሁለቱ ታሪኮች የት ላይ እንደሚጋጩ ያኔ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ማሰር አይችልም፣ መሳሪያ የለውም፣ ሥልጣን የለውም፤ የሰፈሩ ሰው ስለማይፈራው ነው የሚያወራለት። አፈርሳታውንም «ወፉ»ንም የሚያስታውስ ወንበር ላይ ተቀምጧል። እንጨት ለቃሚዋ ስለ ቀበሌ ቤቷ ማመልከቻ ልታስጽፍ መጥታ፣ መሃል ላይ «ጋሼ፣ ሌላም ነገር ነበረኝ» ብላ ዝም ብትል፣ ለዐሥራ ሦስት ክፍል የሚበቃ ድራማ እዚያው ጠረጴዛ ላይ አለ፤ ወጪው ደግሞ ከአንድ የሠርግ ትዕይንት ያንሳል።